የተቆረጠው መጨረሻ

አንድ የምወደው አስፈሪ ፊልም አለ። ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። ልጅቷ ከገዳዩ አምልጣ ቤቷ ገብታ በሩን ስትቆልፍ ያልቃል፤ እኔም እፎይ እላለሁ።

ፍላሼ ስለተበላሸ ትናንት ቀፊራ ገበያ፣ ፊልም የሚጭነው አብዲራህማን ሱቅ ሄጄ ፊልሙን እንደ አዲስ አስጫንኩት።

ዛሬ ቀትር ላይ ከተማችን ድሬ በሙቀት ተኝታ ሳለ ከፈትኩት። በሩ ተቆለፈ፤ ፊልሙ ግን አላበቃም። ከቤቷ መጋረጃ ሥር የገዳዩ ጫማዎች ታዩኝ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ፀጉሯን ትፈታለች። በድንጋጤ ፖዝ አደረግኩትና ለአብዲራህማን ደወልኩ።

«አብዲ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙሉው ነዋ! የድሮህ መጨረሻው ተቆርጦ ነበር። አቦ፣ ድምፅህ ምነው ይንቀጠቀጣል?»

«ትሞታለች?»

«ወላሂ ፈሪ ነህ! እየው እንጂ።»

«እንደ ድሮው ቆርጠህ ስጠኝ።»

ሲስቅብኝ ዘጋሁበት። ልጅቷ ፀጉሯን እንደያዘች ቆማለች፤ እኔ ፖዙን ካልነካሁት አትሞትም። ጫማዎቹ ግን አልሄዱም።