ሃምሳ ሰባት

በጎማ ፋብሪካው ውስጥ «ዳኛው» እየተባለ የሚጠራው ሰው በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኑ ለሰው ሲል አንዲት ቁጥር አጣሞ አያውቅም። ስሙን ያወጡለት ጎማውን ቅርጽ በሚያስይዘው የፕሬስ ማሽን ላይ የሚሠሩት ናቸው፤ መጀመሪያ ለፌዝ፣ ኋላ ግን ለክብር። በመዳፍ የምትያዘውን፣ ፊቷ እንደ ኪስ ሰዓት ክብ የሆነችውን የጥንካሬ መለኪያ አንሥቶ፣ ከሥሯ ብቅ ያለችውን ዱልዱም መርፌ ጎማው ላይ ሲጫን በዙሪያው የሚንጫጫው ሁሉ ዝም ይላል። መርፌዋ ወደ ጎማው ገባ ካለች ጎማው ለስላሳ ነው፣ ቁጥሩም ያንሳል፤ ጎማው መልሶ ከገፋት ቁጥሩ ይጨምራል። ለውኃ ቧንቧ መጋጠሚያ የሚሠራው ቀለበት ከስልሳ እስከ ስልሳ አምስት መሆን አለበት። ከስልሳ ካነሰ በቧንቧው ክብደት ይጨፈለቃል፤ ከስልሳ አምስት ካለፈ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ሕጉ ይኸው ነው። ዳኛውም ከዚህ ሕግ ወዲያ ዘመድ የለኝም ይል ነበር።

ዘመዱ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ከመለኪያው ክፍል ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ በሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ጥቅልሎች ፊት ቆሞ ጥሬ ጎማን ከድኝና ጎማውን ከሚያጠነክረው ጥላሸት ጋር የሚያዋሕደው ቀማሚ የእናቱ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙ ነው። ሠራተኛው «ጋሽ ጥላሸት» ይለዋል። አባታቸው ሲሞት ታላቁ አሥራ ስድስት፣ ታናሹ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ታላቁ ደብተሩን ጥሎ ፋብሪካ ገባ፤ ታናሹ በእርሱ ጥቁር እጅ ተምሮ ነጭ ጋዋን ለበሰ።

በዚያ ወር ታላቁ ሁለት ቅይጥ ወድቆበት ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ ሦስተኛው ከወደቀ ሥራህን ትለቃለህ ብሎ በጽሑፍ አስጠንቅቆታል። ስለዚህ አንድ ረፋድ ላይ የሦስተኛው ቅይጥ ናሙና መለኪያው ክፍል ሲደርስ፣ ቀማሚው ራሱ ከኋላው ተከትሎ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ስንት አለች?»

«ሃምሳ ሰባት።»

«ድገማት።»

«አምስት ቦታ ለክቻለሁ፣ ጋሼ። ከሃምሳ ስምንት ያለፈ የለም።»

«ስማኝ። ጥላሸቱን የመዘንኩት በገዛ እጄ ነው፤ ድኙንም እንደዚሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የቀመምኩት ነው፤ ከእንቅልፌ ቀስቅሰህ ቅመም ብትለኝ አልስተውም።» ቁራጩን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ጥፍር ተጫነው፣ ለቀቀው፣ እንደገና ተጫነው። «ይኼ ስልሳ ሦስት ነው።»

«በጥፍር ነው እንዴ የሚለካው?»

«አንተን ያሳደገህ ጥፍር ነው።»

ያን ጊዜ ናሙና ይዞ የመጣውና ከጠዋት እስከ ማታ አፉ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» የተባለው የፕሬስ ሠራተኛ ጣልቃ ገባ። «ኧረ ዳኛው፣ ለዛሬ ብቻ ዓይንህን ጨፈን አድርጋት! ሦስት ቁጥር ምን አላት? አንተ እንደሆንክ እናትህም ብትመጣ ከስልሳ በታች ናት ብለህ የምትመልስ ሰው ነህ!»

ማንም አልሳቀም።

«መሣሪያህ ቢሆንስ የተሳሳተው?» አለ ታላቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዳኛው ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል መሳቢያውን ከፈተ። ማመሳከሪያዋን፣ ከመሣሪያዋ ጋር አብራ የመጣችውንና ፊቷ ላይ «60» የሚል የታተመባትን ጥቁር የጎማ ቁራጭ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ዘወትር ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንደሚያደርገው መለኪያዋን ቀጥ አድርጎ ጫናት። ጠቋሚዋ ስልሳ ላይ ቆመች።

«ይኸው። ስልሳ የተባለውን ስልሳ አለች። መሣሪያዋ ምን አጠፋች?»

ታላቁ ያችን ጥቁር ቁራጭ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። በመጨረሻም፣ «ጻፍ እንግዲህ» አለ። «ብቻ እጅህ አይንቀጥቀጥ።»

ዳኛው ጻፈ። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ከቀትር በኋላ ቀማሚው «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ፈርሞ፣ ሽርጡን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ። በመለኪያው ክፍል መስኮት በኩል ሲያልፍ ወደ ውስጥ አልተመለከተም። ታናሹ እስኪሰወር ድረስ በዓይኑ ተከተለው፤ ከሐዘኑ ሥር ግን እንደ ደለል የረጋ ኩራት ነበር። ሰው ለወንድሙ እንኳ የማያደላ ከሆነ፣ አለ ለራሱ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ሊጠይቀው ይችላል?

ሦስት ሳምንት አለፈ። በታላቁ ቦታ ሬዲዮ ተተካ፤ ቀደም ሲል በሌላው ፈረቃ ቀማሚ ሆኖ ስለሠራ ሥራው አዲስ አልሆነበትም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሠራተኛው ረጅሙን ጠረጴዛ ከብቦ ሲበላ፣ ሬዲዮ ከወዲያኛው ጫፍ ጮኸ።

«ዳኛው! የዛሬዋ ስንት አለች?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ታዲያስ! የዳኛውን ጭልፋ መቼ ረሳሁ!»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ማንኪያውን አስቀመጠ። «የምን ጭልፋ?»

«አታውቅም እንዴ?» ሬዲዮ ግራና ቀኙን አየ፤ የሚያስቆመው አልነበረም። «በቅመማ ወረቀቱ ልክ ከሠራን አንተ ጋ ሲደርስ ይወድቃላ! ሁለት ሦስት ዓመት ሆነው። ስለዚህ ቀማሚው ሁሉ አንድ ጭልፋ ጥላሸት ላንተ ብሎ ይጨምራል። የቢሮ ሰው እጅ መንሻ ሲበላ አንተ ጥላሸት ትበላለህ ማለት ነው!» ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና አንገቱን ነቀነቀ። «ጋሽ ጥላሸት ብቻ እምቢ አለ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳይታወቀው ትንሽ አብዝቶ እየቀመመ ነበር መሰለኝ፤ የጭልፋውን ነገር ስንነግረው ግን ‹ወንድሜን አላታልልም› ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ምን ይደረግ፣ ደረቅ ሰው ነው።»

ዳኛው ተነሣ። ምሳውን እንደ ጀመረው ትቶ ወደ ክፍሉ ሄደና መሳቢያውን ከፈተ። ማመሳከሪያዋን ገለበጣት። ከሥሯ የተሠራችበት ዓመት ተጽፏል፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ጎማ በዕድሜው እየደረቀ እየጠነከረ እንደሚሄድ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ከፋብሪካው በሚወጣው በእያንዳንዱ የቀለበት ካርቶን ላይ «ከአምስት ዓመት በኋላ አይጠቀሙበት» የሚል ማኅተም የሚያሳርፈው እርሱ ራሱ ነው። ያንን ማኅተም ስንት ሺህ ጊዜ ሲመታ፣ መሳቢያው ውስጥ የተኛችውም ጎማ መሆኗ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎት አያውቅም።

ቀድሞ ሁለተኛ ማረጋገጫ ነበር፤ አንዲት ወፍራም መስታወት። መርፌ መስታወት ውስጥ ስለማይገባ መለኪያዋ እዚያ ላይ መቶ ማለት አለባት። መስታወቷ ከሦስት ዓመት በፊት ወድቃ ተሰበረች። ምትክ እንዲገዛ አንድ ጊዜ ጠየቀ፤ ግምጃ ቤቱ የለም አለ፤ ማመሳከሪያዋ ጠዋት ጠዋት ስልሳ ትል ስለ ነበር እርሱም ተወው።

መለኪያዋን ጨብጦ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደ። የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር መስታወት የለበሰ ነው። ዳኛው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም ወረቀቶቹን ገፋ አድርጎ መለኪያዋን መስታወቱ ላይ ጫናት።

«ምን ሆነሃል? ጠረጴዛዬንም ልትጥለው ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ።

«መቶ ማለት ነበረባት። ዘጠና አራት አለች።»

«እና?»

«መርፌዋ ተበልታለች፣ ጌታዬ። አጥራለች፤ ሁሉን ነገር በስድስት አሳንሳ ነው የምታነበው። ማመሳከሪያዋ ደግሞ በእርጅና በስድስት ጠንክራለች። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ስልሳ ይሆናል። ሁለት ሐሰተኛ ምስክሮች ቃላቸው ገጠመና እኔ ፈረድኩ። ወንድሜ የቀመመው ስልሳ ሦስት ነበር። የጣልነው ነው ደህናው፤ ቀማሚዎቹ ለእኔ ብለው አንድ ጭልፋ ጥላሸት የጨመሩበትና ያሳለፍነው ነው የሚሰነጠቀው። ወንድሜን ይመልሱት።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁን አቆመ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ያሳለፍነው የት ነው ያለው?»

«መሬት ውስጥ። ቧንቧው ላይ።»

«የሦስት ዓመቱ ሁሉ። ማን ነው የፈረመበት?»

«እኔ።»

«ታዲያ አንድ ሰው ለመመለስ ብዬ ያን ሁሉ ቧንቧ ቆፍሩ ልበል? ወንድምህ በፈቃዴ ለቀቅሁ ብሎ ፈርሟል። አንተ መርፌዋን አስቀይር፤ አዲስ ማመሳከሪያ እናስመጣለን፤ ጭልፋዋንም ቀስ ብለህ አስቀር። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።»

ዳኛው ወጥቶ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፈ። መስታወቱን፣ መርፌዋን፣ ማመሳከሪያዋን፣ የወደቁትን ሦስት ቅይጦችና ያለፉትን ሁሉ ዘረዘረ፤ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ገልጾ ፈረመ። አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት አስገባ፤ ሌላውን ኪሱ ከትቶ በዚያው ከሰዓት ወደ ታላቁ ቤት አመራ።

በሩን የከፈተችለት የወንድሙ ሚስት ናት።

«እትዬ፣ አለ?»

«ወዴት ይሄዳል ብለህ ነው፣ ወንድሜ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከአልጋው የሚነሣው ለመጸዳዳት ብቻ ነው።»

ታላቁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ከመስኮቱ የሚገባው የቀን ብርሃን ጀርባው ላይ አርፏል። ታናሹ አልጋው ጫፍ ላይ ሊቀመጥ አስቦ አልደፈረም፤ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ።

«ስልሳ ሦስት ነበር፣ ጋሼ። እውነትህን ነበር።»

«ይህን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?» አለ ታላቁ ሳይዞር። «እኔ አውቀው የለም እንዴ።»

«ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ፈርሜአለሁ።»

«ማን ነገረህና አመንክ?»

ታናሹ ጥያቄው ወዴት እንደሚወስደው አየ፤ ሆኖም መለሰ።

«መስታወት።»

«መስታወት።» ታላቁ ቃሉን እንደ ቅይጥ በአፉ ውስጥ አገላበጠው። «እኔ ስነግርህ ከመሳቢያህ ጎማ አወጣህብኝ። መስታወት ሲነግርህ አመንክ።»

«ጋሼ፣ ደንቡ ነው እኮ…»

«ደንቡን መች ነቀፍኩ? ጎማውን አምስት ቦታ ለካኸው። እኔን አንድ ጊዜ ቀና ብለህ አላየኸኝም። እዚያ በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ፊቴን ቢያየኝ ያውቀዋል ብዬ ስጠብቅ ነበር።» ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ። «በል ሂድ። ሥራ አለብህ።»

ታናሹ ደብዳቤውን ራስጌው ላይ አስቀመጠ። ታላቁ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ሳያየው፣ ወለሉ ላይ ጣለው። ሚስቱ ጎንበስ ብላ አነሣችውና ታናሹን እስከ በሩ ሸኘችው።

«ዛሬ ተወው፣ ወንድሜ» አለችው በሹክሹክታ። «ይበርድለታል። የእናትህ ልጅ አይደል?»

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ፋይል ውስጥ ገባ፤ መልስ አልተጻፈበትም። ታላቁ ከዚያን ቀን በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ታናሹን አላናገረውም።