የእታገኘሁ ዘይት

ጥቅምት አሥራ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አዘዞ በሚገኝ አንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ቤት ውስጥ፣ ጠርሙስ ላይ የምትለጠፍ መዳፍ የምታህል ወረቀት ለማየት ሁለት የተከበሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። አንደኛው የቤቱ ባለቤት አላምረው ነው፤ ሁለተኛዋ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው እህቱ ሰብለ ወንጌል ናት። ወረቀቷን የሣለችው ዓይናዲስ ቆማ ነበር። ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ ተቀመጪ ያላት ስላልነበረ ነው።

ዓይናዲስ ማራኪ ሰፈር በተከራየቻት ክፍል የሳሙና መጠቅለያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የጥርስ ሐኪም ታፔላ መሣል ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆናት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሥዕሏ ሥር ስሟ ተጽፎ አያውቅም። ዘንድሮ አላምረው «እናቴን አሳምረሽ ሣዪልኝ እንጂ ስምሽን ጥግ ላይ አስገባልሻለሁ» አላት።

ለዚህ ስትል አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄዳ፣ እናቱ እማማ እታገኘሁ ደጃፍ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጣ ሣለቻቸው። የአሮጊቷ ግራ ዓይን ከጠፋ ሁለት ክረምት አልፎታል።

«ለልጆቼ እንዳትነግሪብኝ» አሏት። «ሥራ የያዙ ሰዎች ናቸው፤ ለምን አስጨንቃቸዋለሁ?»

ስለዚህ በደህናው ዓይን በኩል፣ በጎን አድርጋ ሣለቻቸው። ሸጋ ሥዕል ሆነ። የአገጫቸው ኩራት፣ የአንገታቸው ንቅሳት አልቀረም።

አላምረው ወረቀቷን አራቀ፤ አቀረበ።

«ሌላው ዓይኗስ?»

«በወዲያኛው በኩል ነው፣ ጋሼ።»

«ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የሚሣለው ማነው?»

ዓይናዲስ ታውቃለች። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ በጎን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው።

«ይሄ የዘይት ጠርሙስ ነው እንጂ ቅኔ ማሕሌት አይደለም» አለች።

«ገዢው ግን ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው። ስምሽ ዓይን አዲስ፣ ሥራሽ አንድ ዓይና።»

ሰብለ ወንጌል በሻርፗ ጫፍ ሳቋን ሸፈነች። «የእማዬ ውበቷ እኮ ዓይኗ ነው። ባለፈው ሄጄ አይቻት የለ? ሁለቱም ቦግ ቦግ ይላሉ።»

«ባለፈው መቼ?» አለች ዓይናዲስ።

«ለፋሲካ ነዋ።»

«እኔማ በየወሩ ነው የምሄደው» አለ አላምረው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ዓይናዲስ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አሮጊቷን አሰበች፤ ጥግ ላይ የምትጻፈውን ስሟንም አሰበች፤ የትኛዋ እንዳሸነፈች ራሷም አላጣራችም። ሳይሏት ቁጭ አለችና ከቦርሳዋ እርሳስ አውጥታ ፊት ለፊት የሚያዩ ሁለት ዓይኖች ሣለች፤ ከራሷ ፈጥራ።

«እቺ ናት እናቴ» አለ አላምረው። እህቱ እንባዋን ጠረገች።

ዘይቱ በተመረቀበት ቀን ሥዕሉ አንሶላ አክሎ በሩ ላይ ተሰቀለ። ጥግ ላይ «ሥዕል፦ ዓይናዲስ» ይላል። ቄሱም፣ ጎረቤቱም፣ ካሜራ የያዘውም ቆመው ሲጠብቁ፣ እማማ እታገኘሁ ልጃቸው በላከላቸው ማኪና ደረሱ። አላምረው ሱፉን ለብሶ፣ ለፎቶው እንዲመች ክንዱን ዘርግቶ ዝም ብሎ ቆመ። እሳቸው የሾፌሩን እጅ እንደያዙ በፊቱ አለፉ፤ ሥዕሉ ሥር ሲደርሱም ቀና አላሉም።

ዓይናዲስ ያንን ደህና ዓይን ግማሽ ቀን ሙሉ ስታየው ውላለች። ያየኛል ወይ ብላ መጠየቅ አልመጣላትም ነበር።

አሮጊቷ ወደ ሾፌሩ ዘንበል ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ስላለ ግን ተሰማ።

«አላምረው በየት በኩል ነው፣ ልጄ?»