ጠዋት ጠዋት የማይነሳው ሞተር

ባለጀልባው ለሃያ ሁለተኛ ጊዜ የሞተሩን ገመድ ሳበ። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ። ጀልባው ውስጥ የተቀመጠችው ነርስ የክትባት ሳጥኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰዓቷን አየች።

"ዛሬም ነው እንዴ?" አለችው።

"አንድ ደቂቃ ሲስተር። ብርዱ ነው።"

"ትናንትም ብርዱ ነው ብለውኛል። ደሴቱ ላይ እናቶች ልጅ ታቅፈው እየጠበቁኝ ነው።" ሳጥኗን አንጠልጥላ ወረደችና ወደ ትልቁ ጀልባ ሄደች።

ባለጀልባው ብርዱ ነው ያለው ለአፉ ያህል ነው። የወደቡ ሰው "ጠርጥር" የሚል ቅጽል ያወጣለት በከንቱ አይደለም። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር" የሚለውን ተረት ሌላው ሲስቅበት እሱ ይተዳደርበታል። እንደምን አደርክ ሲሉት እንኳ ምን ፈልገው ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። አሁንም ሞተሩን ማን እንደሚያበላሽበት ያውቃል፤ የሚስቱ ወንድም ነው።

አማቹ የወደቡ የሌሊት ጥበቃ ሆኖ ከተቀጠረ አምስት ወር ሆነው። ሞተሩም ማስቸገር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀን አንዴ ከሞቀ በኋላ ቢያጠፉት አንዴ ሲስቡት ይነሳል፤ የሚያምጸው አድሮ ነው። ታዲያ ሌሊቱን ከሞተሩ ጋር የሚያድረው ማን ነው? ጠርጥር አማቹ ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ የቤንዚን ጀሪካኑን ማታ ማታ ከሞተሩ እየፈታ ቤቱ ይወስዳል፤ የሚያሳድረውም አልጋው ሥር ነው። ሚስቱ የቤንዚኑ ሽታ ራሷን ሲያዞራት "እኔን ፈትተህ ጀሪካኑን አግባው" ብላዋለች። ትናንት ማታ ደግሞ የሞተሩ ክዳን ላይ ቀጭን ክር አሰረ፤ የነካ ሰው ይበጥሰዋል ብሎ። ዛሬ ጠዋት ክሩ እንደታሰረ ነው። "አይቶት መልሶ አስሮት ነው" አለ ለራሱ።

አማቹ ሌሊቱን ያደረበትን ካፖርት እንደለበሰ መጣ።

"ጋሼ፣ እኔ ልሳብልህ?"

"አትንካው።"

"እሺ።" እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። "የዛሬው ስብሰባ ስለኔ ነው አሉ።"

"እዚያው ትሰማዋለህ።"

የጀልባ ማኅበሩ ኮሚቴ ስምንት ሰዓት ላይ ይቀመጣል። አማቹ ከጥበቃ ይነሳልኝ ብሎ ያመለከተው ራሱ ጠርጥር ነው። አማቹ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ይህችን ሥራ ያገኘውም ሦስት ዓመት ቦዝኖ ነው። ኮሚቴው ግን ያለ ማስረጃ ሰው አላባርርም ብሏል።

ማስረጃ ፍለጋ ወደ እትዬ ብሎን ሄደ። እትዬ ብሎን የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር የምትጠግን ትልቅ ሴት ናት፤ እሷ ስለ ሞተር የተናገረችውን ወደቡ ላይ የሚጠራጠር የለም፣ ከአንድ ሰው በቀር።

"ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ተጨምሮበታል ብለሽ እንድትመሰክሪልኝ ነው" አላት።

"ሳላየው?"

"እይው እንጂ። ግን ውሃ ነው።"

የመሣሪያ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ቤንዚኑን በነጭ ጠርሙስ ቀዳችና አቆየችው፤ ከሥሩ የተኛ ውሃ የለም። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትታ በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

"ደረቅ ነው። ይህን ሁሉ ስበህ ካንዴላው ከደረቀ ቤንዚን አልደረሰውም።"

"እንግዲያ መንገዱን ደፍኖታል ማለት ነዋ።"

"ማን?"

ከጀሪካኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ መሃል ላይ ያለችውን የምትጨመቅ ጎማ አስያዘችው። "ጨምቃት። ቤንዚን ሲሞላት እንደ ድንጋይ መጠንከር አለባት።" ቢጨምቅ ቢጨምቅ እንደለሰለሰች ቀረች። እትዬ ብሎን ቱቦው ከሞተሩ የሚጋጠምበት ላይ የሳሙና ውሃ ቀባች፤ አረፋው ተንፈቀፈቀ። ከማጋጠሚያው ውስጥ ቀለበት የምታህል ጥቁር ጎማ በመርፌ አወጣች። አንድ ጎኗ ተበልቶ አልቋል።

"በዚህ በኩል አየር ይገባል። ከሞቀ በኋላ ውስጡ ያለው ቤንዚን ያስነሳዋል፤ አድሮ ግን ባዶ ነው።"

"ማን በላት?"

"መፍታትና መግጠም ነዋ። የሌሎቹ ጀልባዎች ተገጥሞ ያድራል፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቆያል። አንተ በስንት ጊዜህ ነው የምትፈታው?"

"አንዳንዴ።"

"በአንዳንዴ እንዲህ አይበላም" አለችና አዲስ ጎማ ከተተች።

ጎማ ልትሸጥልኝ ይሆን የሚል ሐሳብ ብልጭ አለበት። ወዲያው ግን የምትጨመቀው ጎማ እጁ ውስጥ ጠነከረች። ገመዱን አንድ ሳበ፤ ሁለት ሳበ፤ ሞተሩ ተነሳ። ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱን እፍረት አቃጠለው፤ ግራ ቀኙን ቃኘና ያለቀችውን ጎማ ኪሱ ከተታት። ከእትዬ ብሎን በቀር ያየ የለም፤ እሷ ደግሞ ወሬ አትወድም።

እስከ ማኅበሩ ቢሮ ድረስ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያበጅ ሄደ። አማቹ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። የጠርጥር ሚስት ከወንድሟ ጎን ናት፤ ባሏን ቀና ብላ አላየችውም።

"ማስረጃህን አቅርብ" አለው ሊቀመንበሩ።

"ማስረጃ ስላላገኘሁ ትቼዋለሁ።" ውሸት አይደለም፤ አማቹንም ከሥራ አያስወጣም።

"እንግዲህ በማስረጃ እጦት ተዘግቷል ብለህ ያዝ" አለ ሊቀመንበሩ ለጸሐፊው።

"የዘመድ ነገር" አለ ከኋላ አንዱ ባለጀልባ፣ "ሸፋፈኑት።" ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አማቹ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ጠርጥር ያንን ሳቅ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከነገ ጀምሮ እዚህ ወደብ ላይ አንድ ብሎን በጠፋ ቁጥር ሰው ወደ ማን እንደሚዞር ያውቃል። እሱ ራሱ በማስረጃ እጦት ለተለቀቀ ዘበኛ ጀልባውን አምኖ አይሰጥም ነበር።

"ቆይ፣ አትጻፍ" አለ። ያለቀችውን ጎማ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ማስረጃው ይኸው። ሞተሩን ያስቸገረው ይህ ነው። በየቀኑ በመፍታት የጨረሳት ሰው አለ፤ አማቼ እጁ የለበትም።"

ጸሐፊው እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለ። "የማን ስም ይጻፍ?"

"የኔ" አለ ጠርጥር። "እስከ አያቴ ጻፈው።"