በንጉሡ ሠ

ፕሮግራሙ ባስነሳችው ቁጥር «ሰራተኞች የሚባል ፋይል አልተገኘም» እያለ የፕሮግራመሯን ጨጓራ ሲልጥ ዋለ። ፋይሉ ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች፤ የፈጠረውን ሰው ዘር ማንዘር ሰደበች። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ተደፍታ ሁለቱን ስሞች ፊደል በፊደል ስታስተያይ ደሟ ፈላ። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ስም በእሳቱ ሰ ነው፤ ፋይሉ ላይ ያለው ግን በንጉሡ ሠ።

«ማነው የፋይሉን ስም የነካው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አሉ አለቃዋ ኮራ ብለው። «ፊደል ገድፈሽ ነበር፤ አረምኩልሽ።»

«ሲነበብ ያው አይደል?»

«ላላዋቂ ያው ነው።»

«ማሽኑም እንደ እርስዎ አዋቂ ነው ጋሼ» አለች ጥርሷን ነክሳ፤ «ፊደሉን እንጂ ነገሩን አያይም።»