የሙሜ ሟች

«ስሙን ከነአባቱ ንገረንና እንነሳ። መግሪብ ሳይደርስ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሰላት እንስገድለት» አለ ነጅሙዲን፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። የለቅሶውን ዱዓ የሚመራው እሱ ነው።

ሙሜ ፍራሹ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ። ለቅሶ ከተቀመጠ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከወሎ ስልክ ተደውሎለት «አባቴን!» ብሎ ሲጮህ አብረውት የሚኖሩት ሰሙና፣ እዚህ ሳዑዲ፣ ደማም ላሉ ያገር ልጆች ሁሉ አባቱ ሞተ ብለው አዳረሱ። እሱም አላረማቸውም። ወላጅ አባቱ የሞተው ሙሜ ገና ጡት ሳይጥል ነው። የአሁኑ ሟች የካቶሊክ ቄስ ነበሩ። ይህን ቢናገር ማን አጠገቡ ይቀመጣል? ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የለው፣ ዘመድ የለው፤ ያሉት እነዚህ ሰዎች ብቻ ናቸው።

«ምነው ዘጋህ?» አለችው ዙለይኻ። ጎረቤት ከተማ ኸበር፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ማዳሟን ለምና መጥታለች። «ጥለኸው የጠፋኸውን አሠሪህን፣ የካፊልህን ስም እስከ ሰባት ቤት ትቆጥር የለ!»

ሰዉ ፈገግ አለ።

«አባ ወልደሚካኤል ይባላሉ» አለ ሙሜ። «ቄስ ናቸው።»

ነጅሙዲን የሰበሰበውን እጅጌ መልሶ ለቀቀው። ሙሜ ግን ቀጠለ፦

«በደርግ ጊዜ ጦርነቱ ሲብስ ወጣት እየታፈሰ ይወሰድ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ዘጠኛችንን አባ ሚሲዮኑ መጋዘን፣ ከስንዴው ጆንያ ጀርባ ደበቁን። ረመዷን ነበር። እሳቸውም ሳይበሉ ይውላሉ። ‹እናንተ ጾማችሁ እኔ ብበላ የወጡ ሽታ ያሳብቅብናል› እያሉ ያስቁናል። ሰዓታቸውን አይተው አፍጥሩ የሚሉን እሳቸው ናቸው። ኋላ ወታደሮቹ መጡ። በሰደፍ ሲመቷቸው ከጆንያው ጀርባ እንሰማለን። ጥርስ ሲሚንቶ ላይ ሲረግፍ ድምፅ አለው፣ ነጅሙ። እሳቸው ግን አሳልፈው አልሰጡንም።»

ነጅሙዲን ተነሳ። «ሙስሊም ላልሆነ የጀናዛ ሰላት አይሰገድም።»

«አውቃለሁ። እያወቅኩ ላሰግድህ ስላልፈለግኩ ነው የነገርኩህ።»

«ሰላቱስ ይቅር!» አለች ዙለይኻ። «እኛ አገር ቄስ ሲሞት እስላሙ ቃሬዛ ይሸከም የለም ወይ? አንተ የተወለድከው ደማም ነው እንዴ?»

ነጅሙዲን በሩ ጋ ደርሶ ጫማውን አጠለቀ። ከዚያ ዞር ሳይል፣

«ዘጠኛችሁም ተረፋችሁ?» አለ።

«ዘጠኛችንም።»

በሩ ተንኳኳ። ሳቢር የሚባል ቀለም ቀቢ፣ ከነሥራ ልብሱ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነው። ነጅሙዲን አስገባውና ጫማውን መልሶ አወለቀ። በእንግዶቹ መሐል አልፎ ሄዶ የባለሐዘኑ ፍራሽ ላይ፣ ሙሜ ጎን ተቀመጠ። ሳቢር «አላህ ያጽናህ» ሊል ሲያጎነብስ፣ ነጅሙዲን እንደ ባለሐዘን ቀድሞ እጁን ዘረጋለት።