ያልተቀበረው ሰው እርማቶች

ሪያድ ውስጥ፣ መንፉሐ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ሙት የሚፈራበት ፋታ የለውም፤ ፍርሃቱን ሁሉ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጠያቂ ፖሊሶች ጨርሰውበታል። ቃለጽድቅም እንደዚያው ነበር። በዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲከፍት፣ ከአንዱዓለም የተላከ እርማት አየና ክው ብሎ ቀረ። አንዱዓለም ከሞተ ሰንብቷል።

ያለ ኢንተርኔት መንገድ የሚያሳይ ነጻ የስልክ ካርታ አለ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይሠራበታል፣ የፈለገ ያሻሽለዋል። የአማርኛ መመሪያውን በፈቃዳቸው፣ ያለ አንዲት ሃላላ ክፍያ የሚጽፉት ሁለቱ ነበሩ። አንዱዓለም ይጽፋል፣ ቃለጽድቅ ያያል፤ ሌላ ሰው አይቶ ካላጸደቀው አንዲት ቃል እንኳ አትገባም። ቃለጽድቅ ዐዚዚያ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲፈታ፣ አንዱዓለም ሕንፃ ላይ ብሎኬት ሲሸከም ይውሉና፣ ማታ በጋራ ክፍላቸው «ተጫን» ይሻላል፣ የለም «ንካ» ነው እየተባባሉ ይነታረካሉ። እንግዳ የሆኑ ያገር ልጆች ከተማውን የሚለምዱት በዚያ መመሪያ ነበር። ሁለቱም በዚህ ይኮሩ ነበር።

ከዚያ አንዱዓለም ከሕንፃው መወጣጫ ላይ ወደቀ። ሹመይሲ ሆስፒታል በሕይወት ቢደርስም አላደረም። ሬሳው እዚያው ቀረ፤ ከቤተሰብ ውክልና ካልመጣ አይቀበርም፣ አይላክምም። ውክልና እንዲመጣ ደግሞ ቤተሰብ መስማት አለበት። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? በማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው እንጂ፣ ሞትን እንደ ሽንኩርት ዋጋ በስልክ የሚያወራ ምን ዓይነት ሰው ነው? ወላጆቹ የሉም፤ ያለችው ደብረ ታቦር የምትኖር ታናሽ እህቱ እታፈራሁ ናት። የክፍሉ ልጆች ተማከሩና ለጊዜው «ተርሒል ገብቷል፣ እስኪያባርሩት እስር ላይ ነው፣ ስልክ አያስገቡም» አሏት። መርዶውን ወደ አገር ለሚመለሰው ለሰለሞን አደራ ሰጡት። ሰለሞን ሄደ፤ ይድረስ አይድረስ ሳይታወቅ ድምፁ ጠፋ።

የዚያ ዓርብ እርማት «መንገድ ሲጠፋብዎ» በሚለው የመመሪያው ገጽ ላይ ነበር። ከላይ የአንዱዓለም ስም፣ ከስሙ አጠገብ ያ የሚስቅ ፎቶው። ቃለጽድቅ ስልኩን ይዞ ታች ቤት ወደምትኖረው ወደ ስንቅነሽ ወረደ። ስንቅነሽ በዕድሜም በመከራም የሁሉም ታላቅ ናት።

«ያልተቀበረ ሰው የት ያርፋል ብለህ ነው?» አለችው። «የለመደውን ነው የሚሠራው፣ ምስኪን። እምቢ እንዳትለው። ተቀበለውና ኸላስ።»

«ስልክ ላይ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እና? ሙት ፊደል ይረሳል ያለህ ማነው?»

ቃለጽድቅ አጸደቀው። ከሥሩም እንደ ልማዱ «ተቀብያለሁ፣ ወንድሜ። አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈ።

እርማቶቹ መምጣታቸውን ቀጠሉ። አጻጻፉ ግን እየደከመ ሄደ፤ አንዱዓለም ፈጽሞ የማይስተውን ይስታል፣ ከካርታው ላይ ድሮ የተነሣ መጫኛ ቁልፍ አሁንም እንዳለ አድርጎ ይጽፋል። ቃለጽድቅ ሞት ሰውን እንዲህ ያደክመዋል ማለት ነው ብሎ አዘነለት። እሱ እየጠጋገነ ያጸድቅለታል፣ «ወንድሜ» እያለ ያመሰግነዋል። ጋራዥ ውስጥ ጎንበስ ባለ ቁጥር ከኋላው የቆመ ሰው ያለ ይመስለው ጀመር። ባዶው ፍራሽ የሲሚንቶ ሽታ አልለቀቀውም፤ ጠቅልሎ ሊያወጣው ፈለገና ፈራ።

አንድ ቀን ከእርማቱ ጋር ከስልክ ላይ የተነሣ የካርታ ምስል መጣ። «እርስዎ እዚህ ነዎት» የምትለው ሰማያዊ ነጥብ ሪያድ ውስጥ አልነበረችም። ደብረ ታቦር ነበረች።

ሬሳው ሹመይሲ፣ ነፍሱ ደብረ ታቦር! ቃለጽድቅ እንባው መጣ፤ ፍርሃት ይሁን ደስታ እሱም አልለየውም። እንደ ወትሮው ማመስገኑን ተወና «ወንድሜ፣ በሰላም ገባህ?» ብሎ ጻፈ።

መልሱ ወዲያው መጣ።

«ወንድም ቃለጽድቅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እህቱ እታፈራሁ ነኝ። የይለፍ ቃሉን ራሱ ነው ድሮ የሰጠኝ። ከተርሒል እስኪወጣ ቦታውን ሌላ ሰው እንዳይዝበት ብዬ እኔ እየሠራሁለት ነው። እዚያ ስለሚሞተው ሰው ብዙ ይወራል። እርስዎ ግን ሁልጊዜ ወንድሜ እያሉ ሲቀበሉት፣ ሞቶ ቢሆን አይቀበሉትም ነበር እያልኩ እጽናናለሁ። አሁን በሰላም ገባህ ያሉት ተለቆ ነው? መንገድ ላይ ነው?»

የሙት መንፈስ ቢሆን በተሻለው ነበር። ለካ ቀጣሪ በሌለበት፣ ከፋይ በሌለበት ሥራ ላይ ነው እህቱ የቆመችለት፤ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስትታመም እንጀራዋ እንዳይቀር እህቷ እንደምትተካላት። በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ቦታ እንደማይነጠቅ ማን ይንገራት? እሱ ደግሞ ባጸደቀ ቁጥር፣ ሞቱን የሚያውቅ ሰው፣ አለ ብሎ ሲመሰክርላት ኖሯል። አፈረ፤ በራሱ ላይ እጅግ ተናደደ። ዝም ቢል ነገ ሌላ እርማት ትልካለች። ባያጸድቀው ትጨነቃለች፣ ቢያጸድቀው ደስ ይላታል፤ አንዱዓለምም አይቀበርም። ቁጥሯ ሁልጊዜም እጁ ላይ ነበር። ደወለ።

«አቤት ወንድሜ!» አለች፤ ድምፅዋ ይስቃል። «ተለቀቀ አይደል?»

«እታፈራሁ፣ እህቴ…» አለ። «ቤት ማን አለ? ብቻሽን ነሽ?»

ይህ ጥያቄ ለሐበሻ ትርጉሙ አንድ ነው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማው፤ ቀጥሎ በር ተከፈተ፤ ከዚያ ጎረቤቶቿን ስትጠራ ከደጅ ድምፅዋ መጣ፣ ሳይጮኽ፣ ሳይንቀጠቀጥ።

«ጋሼ አሻግሬ፣ ኑ እስቲ። ሃፍሳ፣ አንቺም ነይ። ኑ… ሰው ሁኑኝ።»

እርጋታዋ ከለቅሶ ይልቅ አንጀቱን በላው። የጫማ ኮቴ፣ የአግዳሚ መጎተት፣ የሴቶች ሹክሹክታ ሰማ። ቃለጽድቅ ከአልጋው ተነሥቶ ቆመ፤ ነጠላ ስላልነበረው ፎጣ ትከሻው ላይ ጣለ።

አንድ ሽማግሌ ስልኩን አነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተሰብስበናል፣ ልጄ» አሉ። «ንገረን።»