መቀነት ያዥዋ

እኔ አልጣሽ ክፉ ሰው አይደለሁም። ምላሴ ግን ከእኔ ቀድሞ ነው የሚወጣው፤ ደባርቅ ውስጥ ይህን የማያውቅ ቢኖር ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው። አበባየሁም ያወቀችው ከዳባት በመምህርነት ተዛውራ መጥታ ሰንበት ትምህርት ቤታችን በገባች በመጀመሪያው እሑድ ነው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነበር። የመዘምራኑ መሪ ከሆንሁ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ስንኙን እኔ አወጣለሁ፣ አርባ መዘምራን አዝማቹን ይቀበሉኛል፣ ያርጋል ከበሮውን ይመታል። በቃ፣ ሌላ ሰው አያስፈልግም። ሰንበት ትምህርት ቤቱን የሚመሩት የኔታ ተክለ ማርያም ግን የልጅቱን ድምፅ እንደ ሰሙ አስጠሩኝ።

«አልጣሽ፣ ከእንግዲህ ከአበባየሁ ጋራ ሁናችሁ ነው የምትመሩ።»

«ምን አጠፋሁ የኔታ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለም?»

«እኔ መች ተሰበርሁ?»

ትክ ብለው አዩኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ እየዋሸሁ ነበርና። ከጥቅምት ጀምሮ ድምፄ መዝሙሩ መካከል ላይ ሲደርስ ይሰነጠቅብኝ ጀምሯል። ማር በዝንጅብል ብጠጣ፣ ጤና አዳም ብታጠን፣ ወይ ፍንክች! የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ሦስት ወር ዝም ብትዪ ይሻልሽ ነበር» አለችኝ። እኔ! ሦስት ደቂቃ ዝም ብዬ የማላውቅ!

ለእናቴ እንኳ አልነገርሁም። ምን ብዬ? ቀኑን ሙሉ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰው ደብዳቤ የምተይብ፣ ባል ያላገባሁ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። ሰው ስሜን የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ነው። መሪነቱን ካጣሁ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም ነበር።

በእኛ ዘንድ ታቦት ሲሸኝ መሪዋ ፊቷን ወደ መዘምራኑ አዙራ የኋሊት ነው የምትሄደው። መንገዱን ስለማታይ አንዲት ልጅ ከጀርባዋ ሆና መቀነቷን ትይዛለች። መንገዱ ሲታጠፍ ወደዚያው ትስባታለች፤ ድንጋይ ሲያጋጥም ታቆማታለች። መሪዋ እስክትንቀሳቀስ መዘምራኑ አዝማቹን ይደጋግማሉ። ይህን ሥራ የምንሰጠው ገና መዝሙር ላልለመዱ ጀማሪዎች ነው። እኔ ለአበባየሁ ሰጠኋት።

«የኔታ አብራችሁ ምሩ ብለዋል። ይኸው፣ እኔ መዝሙሩን፣ አንቺ መንገዱን» አልኋት።

«እሺ፣ እት አልጣሽ» አለች። ብትቆጣ እንኳ ደስ ባለኝ።

ከኅዳር ጀምሮ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ቅጥር ግቢውን እየዞርን ተለማመድን። እኔ ድምፄ ሊከዳኝ ሲል ሳል አስመስዬ አልፈዋለሁ። እሷ ደግሞ በየመሀሉ መቀነቴን ሳብ አድርጋ ታቆመኝና «ድንጋይ አለ» ትለኛለች። ዞር ብዬ ባይ ለጥ ያለ ሣር ነው።

«አንቺ፣ ዳባት ውስጥ ሣሩን ነው ድንጋይ የምትሉት?» እላታለሁ። መዘምራኑ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ጥር አሥራ ሁለት የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ዳገቱን ተያያዝነው። ምንጣፉ እየተነጠፈ፣ የሊማሊሞ ነፋስ ነጠላችንን እያንገላታ ሁለቱን ስንኝ በደህና አወጣሁ። ሦስተኛውን ልጀምር አፌን ስከፍት ምንም የለም። ትንፋሽ ብቻ።

ያርጋል ዓይን ዓይኔን እያየ አንድ ዙር መታ። ሌላ ዙር ጨመረ። አርባው ሰው ይጠብቀኛል። «ሚካኤል፣ ዛሬስ አታዋርደኝ» አልሁ በልቤ።

ያን ጊዜ ከማጅራቴ ሥር ሦስተኛው ስንኝ ተነሣ። አበባየሁ ጀርባዬ ሥር ተሸጉጣ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ታወጣዋለች። እኔ ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ፤ መዘምራኑ ተቀበሉ። የፊተኛው ረድፍ ሁሉን አይቷል፤ አንዱም ጉድ አላለም። ከዳር ለቆመው ሰው ግን የምትዘምረው አልጣሽ ናት።

አራተኛውንም፣ አምስተኛውንም እንዲሁ አደረግን። ጎረቤታችን እማማ ሸጊቱ ከሕዝቡ መካከል እልል እያሉ መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። «እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ! ድምፅሽ እንዴት ታደሰ በሉ! ሚካኤል ዕድሜ ይስጥሽ!»

ምርቃቱ አቃጠለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ልጅቱ እኔ በሰጠኋት ውርደት ውስጥ ተደብቃ ክብሬን ተሸክማልኛለች፤ እኔ ደግሞ በእሷ ጉሮሮ ልመረቅ ነው?

አዝማቹ ሲደገም ዞርሁና ክንዷን ያዝሁ።

«ነይ፣ ወደ ፊት ውጪ።»

ደነገጠች። «መንገዱስ፣ እት አልጣሽ?»

«መንገዱን ለእኔ ተይው።»

ፊቷን ወደ መዘምራኑ አዞርኋትና ከጀርባዋ ገባሁ። ሰው አጉረመረመ። እማማ ሸጊቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አበባየሁ ስድስተኛውን ስንኝ በሙሉ ድምፅዋ ስታወጣው ግን ማጉረምረሙ በእልልታ ተዋጠ። እኔ አለቀስሁ። ግማሹ ቅናት ነበር፤ አልዋሽም።

መቀነቷን ጨብጫለሁ። አሥራ አንድ ዓመት መርቼ የማንንም መቀነት ይዤ አላውቅም ነበርና መቀነት ትንፋሽ እንደሚናገር አላወቅሁም። አየር ስትስብ ይጠብቃል፣ ስትለቅ ይላላል። የት ላይ እንደሚያጥራት፣ የት ላይ እንደምትፈራ በእጄ ሰማሁት። እንግዲያ እሷም የእኔን ሰምታዋለች። ከኅዳር ጀምሮ፣ በየእሑዱ፣ በሳል የሸፈንሁትን ሁሉ በእጇ ይዛው ኖራለች። ለማንም አልተናገረችም።

ስምንተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ዳገቱ ገና ነው። መቀነቷን ቀስ አድርጌ ሳብሁና አቆምኋት። መዘምራኑ አዝማቹን ይደጋግሙ ጀመር።

«ድንጋይ አለ፣ እታለም» አልኋት በዚያ በሻከረ ድምፄ።

ከፊታችን ያለው የተነጠፈ ምንጣፍ ብቻ ነበር።